ፋጉሎ ጨመርኩ፣ ወተቱ ግን ቀነሰ

ከአዘዞ የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«ሦስት ድቅል ላሞች አሉኝ። ሁለቱ ከወለዱ አራት ወር ሆኗቸዋል። ሦስተኛዋ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ እስካሁን ትታለባለች። ሁለቱ እንደወለዱ ሰሞን እያንዳንዳቸው በቀን እስከ 14 ሊትር ይሰጡ ነበር። አሁን 8 ከሞሉ ትልቅ ነገር ነው። ፋጉሎና ፉርሽካ ጨመርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጋጣውን አምና ሲሚንቶ አስደርጌዋለሁ። ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ስለሆነ ለእያንዳንዳቸው ጠዋት አንድ ጀሪካን፣ ማታ አንድ ጀሪካን እሰጣለሁ። አንደኛዋ ስትታለብ ትራገጣለች፤ አላቢው እግሯን አስሮ፣ ሲብስም መትቶ ያልባታል። ጎረቤቴ ወተት የሚያወርድ መርፌ አለ ብላኛለች። ልጄ ደግሞ ላሞቹ ስላልተመቻቸው ነው፣ የእንስሳት ደህንነት የሚባል ነገር አለ ይለኛል። ይሄ የፈረንጅ ወሬ አይደለም ወይ? ምን ልመግባቸው?»

ልጅዎ ልክ ነው። መርፌውን አይግዙ። ፋጉሎም ከዚህ በላይ አይጨምሩ። ከነገሩኝ ስነሣ፣ የላሞችዎ ችግር መኖ አይደለም። ውሃ፣ መኝታ እና የአላቢው እጅ ነው።

መጀመሪያ ግን ከጉድለቱ የተፈጥሮ የሆነውን እንለይ። ላም ከወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ወተቷ ጣሪያ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በየወሩ እስከ አንድ አሥረኛ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ማንም አያስቀረውም። ከ14 ሊትር የተነሣች ላም በአራተኛው ወር 10 ወይም 11 ሊትር ብትሰጥ ደንበኛ ነው። 8 ሊትር ግን ደንበኛ አይደለም። የሚፈለገው እንግዲህ ከእያንዳንዷ ላም የጠፋው ሁለት ሦስት ሊትር ነው። ያ ወተት የት ሄደ?

ላም የበላችውን ሁሉ ወተት አታደርገውም። መኖው በቅድሚያ ነፍሷን ያቆያል። ብርድ ከሆነ ያሞቃታል። ቁስል ካለባት ቁስሉን ይጠግናል፣ ከበሽታ ጋር ይታገልላታል። እንደወለደች ሰሞን ከራሷ ስብ እየቀነሰች ጭምር ስለምትሰጥ የአያያዝ ጉድለት ቶሎ አይታይም። የእርስዎም ሁለቱ ላሞች መጀመሪያ 14 ሊትር የሰጡት በከፊል ከገላቸው አውጥተው ነው። አራት ወር ላይ ያ ስንቅ ያልቃል። ያኔ ጥማቱም፣ ድካሙም፣ ፍርሃቱም በወተት መለኪያው ላይ ይወጣል። ፋጉሎ ሲጨምሩ ለውጥ ያላዩት ለዚህ ነው።

«የፈረንጅ ወሬ» ስላሉት ነገር አንድ ልበል። የእንስሳት ደህንነት ማለት ላምን ማቀማጠል አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ተዘርዝሮ የወጣውና ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ አምስት ነገር ብቻ ይጠይቃል። እንስሳው እንዳይራብና እንዳይጠማ፣ ማረፊያው እንዲመቸው፣ ሲያመው እንዲታከም፣ እንደ ተፈጥሮው እንዲንቀሳቀስ፣ በፍርሃት እንዳይኖር። ይህን የሰማ የደምቢያ ወይም የፎገራ ገበሬ አዲስ ነገር ተነገረኝ አይልም። እሱ ላሙን ቡሬ፣ ዳልቻ ብሎ በስም እየጠራ፣ አሞሌ እያስላሰ፣ አንገቷን እያሻሸ ነው የሚያልበው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 516 የብሪታንያ አርቢዎችን ጠይቀው ነበር። ላሞቻቸውን በስም የሚጠሩት በአንድ የወተት ዘመን በአማካይ 258 ሊትር ብልጫ አግኝተዋል። ስሙ ራሱ ወተት አያመጣም። ላሙን በስም የሚጠራት ሰው ግን እያንዳንዷን ለይቶ ያውቃል፣ ሲያማት ቶሎ ያያል፣ ላሟም አትፈራውም።

ፍርሃት ምርትን እንደሚቀንስ በደንብ ከታየባቸው እንስሳት አንዱ አሳማ ነው። እኛ ዘንድ ባይረባም ትምህርቱ ይጠቅመናል። አውስትራሊያዊው ፖል ሄምስዎርዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዳሳዩት፣ እናት አሳማዎች ሰው በሚፈሩበት እርባታ የሚወለደው ግልገል ያንሳል። መኖው ወይም ዝርያው ብቻ አልነበረም ልዩነቱን ያመጣው። የሠራተኛው እጅም ነበረበት። በኋላ በወተት ላሞችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ አላቢውን የምትፈራ ላም የምትሰጠው ወተት ያንሳል።

ወደ ጋጣዎ ልመለስ። በውሃው እንጀምር፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉድለት እዚያ ነው። ከወተት ውስጥ 87 በመቶው ውሃ ነው። በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በወተት ብቻ ታወጣለች። በላብ፣ በትንፋሽ፣ በሽንትና በእበት የሚወጣው ሌላ ነው። ድርቆሽና ጭድ የምትበላ ድቅል ላም በቀን 60 ሊትር አካባቢ ያስፈልጋታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት እስከ 80 ልትጠጣ ትችላለች። እርስዎ የሚሰጡት ሁለት ጀሪካን 40 ሊትር ነው። የተጠማች ላም ደረቅ መኖ አትበላም። ፋጉሎውን ልሳ ጭዱን ትታ የምትቆመው ስለጠገበች እንዳይመስልዎት።

ዛሬ ማታ ይህን ያድርጉ። አንዷን ላም ከታለበች በኋላ እስኪበቃት ያጠጧት። ጀሪካኑን ጨርሳ የገንዳውን ሥር ከላሰች ይጨምሩላት። ራሷ ፊቷን እስክታዞር ድረስ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ያስደነግጥዎታል።

ለሦስት ላም በቀን ወደ 200 ሊትር ማለትም አሥር ጀሪካን መድረስ አለበት። ጎንደር ላይ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማዋ እየሰፋች፣ የቧንቧ ውሃ መጠበቅ የሁላችንም ኑሮ ሆኗል። ስለዚህ ከመኖ በፊት ገንዘብዎን ማጠራቀሚያ ላይ ያውሉት። አንድ ሮቶ ወይም ጥቂት ንጹሕ በርሜሎች ቢገዙ ከብዙ ኩንታል ፋጉሎ ይበልጣሉ። በክረምት ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያዎ አሸንዳ ያውርዱ። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 500 ሊትር ነው። የሁለት ቀን ተኩል ውሃ ከአንድ ዝናብ ተገኘ ማለት ነው። ገንዳው ሌሊትም ባዶ መሆን የለበትም። በየቀኑ ይታጠብ፤ የሻገተና እበት የገባበት ውሃ ላም አትጠጣም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ለሦስት የሚበቃ ውሃ ካልተገኘ፣ ሁለት ላም ይያዙ። የጠጡ ሁለት ላሞች ከተጠሙ ሦስት ላሞች ያላነሰ ወተት ይሰጣሉ፣ መኖውም በአንድ ሦስተኛ ይቀንስልዎታል። ይህን ምክር ማንም አይወደውም፤ ግን ሂሳቡ ይሄ ነው።

ሁለተኛው መኝታ ነው። ሲሚንቶ ያስደረጉት ለንጽሕና ብለው ነው፣ አልፈርድብዎትም። ባዶ ሲሚንቶ ግን ለጽዳት እንጂ ለመኝታ አልተሠራም። ይቀዘቅዛል፣ ይጠነክራል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ላም በቀን ከ10 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ትፈልጋለች። ስትተኛ ታመሰኳለች፣ እግሯ ያርፋል፣ ወደ ግቷ የሚሄደው ደምም ይጨምራል። አንድ ሊትር ወተት ለመሥራት ከ400 እስከ 500 ሊትር ደም በግት ውስጥ ማለፍ አለበት። እንግዲህ መተኛት ሥራ መፍታት አይደለም። ወተቱ የሚሠራው በዚያ ሰዓት ነው።

እኔ ጋጣ ስጎበኝ መጀመሪያ የማደርገው በጉልበቴ መንበርከክ ነው። እርስዎም ይሞክሩት። ላሟ በምትተኛበት ቦታ ላይ ተንበርክከው እስከ ሃያ ይቁጠሩ። ጉልበትዎ ከረጠበ ወይም ካመመዎት፣ ከ400 ኪሎ በላይ የምትመዝን ላም ሌሊቱን እንዴት እንደምታድር ይገባዎታል። ከዚያ ሰውነቷን ይዩ። የፊት ጉልበቷ ፀጉር ተልጧል? የኋላ እግሯ ቋንጃ አብጧል? ከበላች ከሁለት ሰዓት በኋላ ሳትተኛ፣ ሳታመሰኳ ዝም ብላ ትቆማለች? እነዚህ ሁሉ የመኝታ ክስ ናቸው።

መፍትሔው ሲሚንቶውን ማፍረስ አይደለም። የሚሄዱበትን ቦታ በመሮና በመዶሻ ቀጫጭን ቦይ እያወጡ ያሻክሩት። መኝታው ላይ ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ወፈር አድርገው ያንጥፉ፤ ከአንድ ስንዝር አይነስ። የረጠበውን በየቀኑ እያወጡ በደረቅ ይተኩ። ሰጋቱራ ከመረጡ በተለይ ይጠንቀቁ፤ እርጥብ ሰጋቱራ ለግት በሽታ ጀርሞች ምቹ ቤት ነው። እርጥቡን ከመተው ባዶ ሲሚንቶ ይሻላል።

ገመዱንም ያስረዝሙት። ላም ከተኛችበት ስትነሣ አንገቷን ወደፊት ወርውራ በኋላ እግሯ ነው የምትነሣው። አንገቷ በአጭር ገመድ ከተያዘ ወይም ፊቷ ላይ ግድግዳ ካለ መነሣት ያሠቃያታል። መነሣት የሚያሠቃያት ላም ደግሞ መተኛት ትተዋለች። በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ግቢ ውስጥ ፈትተው ይልቀቋቸው። ለእግራቸው ይጠቅማል። ኮርማ መፈለጓንም የሚያዩት ያኔ ነው። ፍላጎቷ አንድ ቀን እንኳን አይሞላም፤ ቀን ከሌት ታስራ ከዋለች ያልፍዎታል። ካለፈ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ሁለት ሦስቴ ካለፈ የሁለት ወር መኖ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ሸኾናቸውን ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚያውቅ ሰው ያስከርክሙ።

ሦስተኛው እጅ ነው። የምትራገጠዋ ላም ክፉ ሆና አይደለም። ላም ተንኮል አታስብም። የምትራገጥ ላም ወይ አሟታል ወይ ፈርታለች። መጀመሪያ ሕመሙን ይፈልጉ። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ሳሕን ላይ አልበው ይዩ። ቋጠሮ፣ ውሃ ውሃ ማለት ወይም ደም ካለ የግት በሽታ ነው። ግቱ ሞቆ ወይም ጠንክሮ፣ ጡቱ ተሰንጥቆ እንደሆነም ይዳስሱ። በዓይን የማይታይ ድብቅ የግት በሽታም አለ። ወተቱ መልኩን ሳይለውጥ መጠኑን ብቻ ይቀንሰዋል። ይህን የሚለይ ሲኤምቲ የሚባል ቀላል ምርመራ አለ፤ በጥቂት ደቂቃ ውጤቱ ይታወቃል። በቅርብዎ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሐኪሞች ያማክሩ። የአላቢውንም ጥፍር ይዩ። በአውራ ጣቱ አጥፎ ጡቱን የሚጎትት ከሆነ የሚያሳምማት እሱ ነው። በሙሉ መዳፍ ከላይ ወደታች መጭመቅ ይማር።

ሕመም ከሌለ ፍርሃት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ግቱ ሲታጠብና ሲታሽ፣ ወይም ጥጃው ሲጎስመው፣ ከላሟ አንጎል ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይወጣል። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ወተቱን ወደ ጡቱ ያወርደዋል። ኃይሉ ግን ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ባለው ጊዜ ያልቃል። ላሟ ከተመታች ወይም ከደነገጠች አድሬናሊን ይወጣና ይህን ሥራ ያግደዋል። ወተቱ ግቷ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ አይወርድም። አላቢው «ያዘችብኝ» ብሎ ዳግመኛ ይመታታል፣ ይባስ ትይዛለች። ግት ውስጥ የሚቀረው ወተት ደግሞ ተረስቶ አይቀርም። ለሰውነቷ «በቃ፣ አትሥሪ» የሚል ምልክት ይሆናል። ዛሬ ያልታለበው ሊትር የነገውንም ይቀንሳል።

ስለዚህ ዱላው ዛሬውኑ ከጋጣው ይውጣ። አላቢው አንድ ሰው ይሁን፣ ሰዓቱም አይቀያየር። ገብቶ ድምፁን ያሰማት፣ ጎኗን ይደባብሳት፣ ግቷን ለብ ባለ ውሃ ይጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቅ። ጥጃዋ ካለች ቀድማ ትጥባ። ከዚያ ሳያወራና ስልክ ሳያነሣ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ይጨርስ። ሲጨርስ ጡቶቹን በአዮዲን ይንከር፣ ላሟም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንድትቆም ፊቷ መኖ ያድርግ። ቶሎ ከተኛች ያልተዘጋው የጡት ቀዳዳ ጀርም ያስገባል። ፈሪዋ ላም በሁለት ቀን አትለወጥም። ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡ። አላቢው መምታቱን ካልተወ አላቢውን ይለውጡ፤ ላሟን ሳይሆን።

ጎረቤትዎ ያሉት መርፌ ያው ኦክሲቶሲን ነው። ወተት አይሠራም፤ ያለውን ያወርዳል። በየቀኑ የለመደችው ላም ያለመርፌ ወተት ማውረድ ያቅታታል። እርጉዟን ከወጓት ደግሞ ማሕፀኗን ስለሚያኮማትር ጽንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። ሐኪም ለሕክምና ካላዘዘው በቀር ወደ ጋጣዎ አይግባ።

አየሩን በአጭሩ። ብዙ ሰው ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ ጋጣውን ጥርቅም ያደርገዋል። ድቅል ላም የጎንደርን ብርድ ከሙቀት ይልቅ ትችለዋለች። የማትችለው ከሽንትና ከእበት የሚወጣውን ሽታ ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ዓይንዎን ካቃጠለዎት እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስትተነፍሰው አድራለች። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ይክፈቱ።

ሌላ ሰዎች ደፍረው የማይናገሩት ነገር አለ። በዐቢይ ጾም የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቻችን መኖ እንቀንሳለን፣ አንዳንዴም ከሁለት ጊዜ ወደ አንድ ጊዜ አለባ እንወርዳለን። ላም ግን አትጾምም። በ55 ቀን የወረደ ወተት ለፋሲካ ገበያ ሲፈለግ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ አብዛኛው እስከሚቀጥለው ወሊድ የሄደ ነው። አለባውን ሳይቀንሱ ቅቤ ይናጡ፣ ለጥጆች ይጨምሩ።

ጥቂት ማሳሰቢያ። የጨመሩትን ፋጉሎና ፉርሽካ በአንድ ቀን አይቀንሱ፤ በአንድ ሳምንት ቀስ እያሉ ወደነበረበት ይመልሱት። እበታቸው ከቀጠነ ፋጉሎና ፉርሽካው በዝቶ ሆዳቸውን አኮምጥጦት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ድርቆሹን ከፍ ያድርጉ። የሻገተ ፋጉሎ ፈጽሞ አይስጡ። የሻጋታው መርዝ ጉበቷን ይጎዳል፣ አልፎም ወደ ወተቱ ይገባል፣ በማፍላትም አይጠፋም። አንቲባዮቲክ ከተሰጣት ሐኪሙ የነገረዎት ቀን እስኪያልፍ ወተቷን አይሽጡ፣ ለልጅም አይስጡ። ትኩሳት ካላት፣ አፏ ለሃጭ ካዝረበረበ፣ ወይም ቆዳዋ ላይ ጉርብርብ ከወጣ፣ እኔ የነገርኩዎት ሁሉ ይቆይና ሐኪም ይጠሩ። ምቾት በሽታን አይፈውስም። የማትችለውንም አያሰጣትም፤ የ12 ሊትር ላም ተመችቷት የ20 ሊትር አትሆንም። የጠፋውን ሁለት ሦስት ሊትር ነው የምንመልሰው።

በቅደም ተከተል ልንገርዎት። በዚህ ሳምንት ዱላውን ያስወጡ፣ ውሃውን በቀን ወደ አሥር ጀሪካን ያድርሱ። በሚቀጥለው ሳምንት መኝታውን ያንጥፉ፣ ገመዱን ያስረዝሙ፣ ሲኤምቲውን ያስመርምሩ። ደብተር ይያዙና የእያንዳንዷን ላም የጠዋትና የማታ ወተት ለየብቻ ይጻፉ። የውሃው ለውጥ በጥቂት ቀን ይታያል፤ የመኝታውና የእጁ ሦስት ሳምንት አካባቢ ይፈልጋል። ከወር በኋላ ከ9 ሊትር ዝቅ ያለች ካለች ደብተሩን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የሰባት ወሯ እርጉዝ ግን ወር አትጠብቅም። ልትወልድ ሁለት ወር ስለቀራት ከአሁን ጀምሮ መንጠፍ አለባት። ግቷ የሚታደሰው በነዚህ 60 ቀናት ነው፤ እስከ ወሊድ ከታለበች በሚቀጥለው ዙር ወተቷ ያንሳል፣ እንገሩም ለጥጃው አይበቃም። ፋጉሎዋን ይቀንሱና ድርቆሽ ይስጧት፤ ውሃዋን ግን አይቀንሱባት። አለባዋን ያቁሙ። ከመጨረሻው አለባ በኋላ ጡቶቿን በአዮዲን ነክረው፣ ድብቅ በሽታ ከተገኘባት ለደረቅ ጊዜ የሚሰጠውን መድኃኒት በሐኪም ያስገቡላት። ከጋጣው ደረቁንና ሰፊውን ቦታ ለእሷ ይስጧት።